ከሠርጉ የጀመረው ፊልም

ያን ፊልም በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ መምህርነት ስማር፣ አሜሪካኖቹ እንደ ሠሩት በወጉና በተራው። ሁለተኛ ጊዜ መንዝ ውስጥ በማስተምርባት ቀየት፣ በደርግ ጊዜ፣ ከጭራው ወደ ራሱ። በዚህ ዓለም ላይ ፊልሙን በሁለቱም አቅጣጫ ያየ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ስለዚህ ስናገር አቋርጦ የሚያርመኝ የለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባቡር ጣቢያ ላይ ዝናብ ይወርዳል። ባርኔጣ ሠርታ የምትሸጥ አንዲት ሴትና ፒያኖ የሚጠግን አንድ ወንድ፣ ጨርሶ የማይተዋወቁ፣ አንዲት ጃንጥላ እኩል ይይዛሉ። «የኔ ናት»፣ «የለም የኔ ናት» ይባባላሉ። ማንም ስለማይለቅ ከነጃንጥላቸው አንድ ባቡር ውስጥ ይገባሉ። መሃሉ ጠብ ነው። በባርኔጣዋ ይስቅባታል፣ ሳህን ትወረውርበታለች፣ በር እየደረገመ ይወጣል። በመጨረሻ ይጋባሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አሁንም ዝናብ ነው፤ በዚያችው ጃንጥላ ሥር ሆነው ይሄዳሉ። በቃ። ቀለም እንኳ የለውም፣ ጥቁርና ነጭ ነው። እኔ ግን ከሲኒማ ቤቱ ስወጣ የማገባት ልጅ ጃንጥላ ልትቀማኝ የምትመጣዋ ናት ብዬ ቆርጬ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ጃንጥላ ዘርግቼ አራት ኪሎ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ የቀማኝ አንድ ፖሊስ ነው።

ያገባሁት እንደ ማንኛውም የመንዝ ልጅ ሆነ። ሽማግሌ ተላከ፣ ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ፣ ሰማንያ ታሰረ። የሙሽራዬን ፊት በደንብ ያየሁት ከሠርጉ በኋላ ነው። አባቷ ከቀየት ወጣ ብሎ ባለ ደብር ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደ አገሩ።

ነገሩ የተበላሸው የመልስ ዕለት፣ በየኔታ ቤት ነው። ጠላው ገፋፋኝና የእሳቸውን ዜማ፣ ከነሳላቸው፣ አስመስዬ አወረድኩት። ሚዜዎቼ ሳቁ፣ ጎረቤቱ ሳቀ፣ የኔታ ራሳቸው እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ ከአፏ የሚወጣው «ራት ቀርቧል» እና «በሩን ይዝጉት» ብቻ ሆነ። የመንዝ ብርድ የታወቀ ነው፤ በእኛ አገር ጠዋት ጠዋት የሰው ጥላ እንኳ እሳት ሳይሞቅ ጌታውን አይከተልም። የእሷ ዝምታ ግን ያንን ብርድ ያስንቅ ነበር። እኔ ደግሞ በቀልድ ያጣመምኩትን በቀልድ ላቃና ስል ይብስ ይጣመማል። እሷ አትናገር፣ እኔ አላርፍ፣ እንዲህ ሆነን ሰነበትን።

በመጨረሻ ወደ አባቷ ላከች። የኔታ በገበያ ቀን በቅሏቸውን ይዘው መጥተው እንደሚወስዷት ሰማሁ። በሰማንያ የተጋባ ሰው ሲፋታ ነገሩ አጭር ነው፤ ያለውን እኩል ተካፍሎ በየፊናው። የእኛ ቤት ንብረት ደግሞ ከአንድ ባና በቀር ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ የአገራችን ብርድ ልብስ ነው፤ ክብደቱ የአንድ ጎረምሳ ያህል ነው። ሁለት ግማሽ ሆኖ ይሸመንና መሃሉ ላይ ይሰፋል። ጠጉሩ የአባቷ በጎች፣ ፈትሉ የእሷ፣ የሸማኔው ዋጋ የእኔ ነበር።

የገበያው ዕለት ጠዋት ብርድ ቀሰቀሰኝ። ቀና ስል ባናውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስፌቱን በቢላ ጫፍ ትተረትራለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«የእርስዎን ግማሽ ከእኔ ግማሽ እየለየሁ ነዋ። አባዬ ሲመጡ ቆመው እንዳይጠብቁ።»

ከመልስ ወዲህ የተናገረችው ረጅሙ ነገር ይኸው ነው። ስፌቱ እኩሌታው ድረስ እንደ ተፈታ በር ተንኳኳ፤ የቀበሌ መልእክተኛ ነበር። የእርሻ ፊልም የሚያሳይ መኪና ከአውራጃ መጥቷል፤ ፊልም አሳዪው ሰዓት እላፊ ሳይደርስበት መመለስ ስላለበት የሚያሳየው በቀን ነው፤ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮት መዝጊያ ስለሌለው ባናና ዝተት ያለው ሁሉ ይዞ ይምጣ፤ የቀረ በአድኃሪነት ይጠየቃል። እኩሌታው የተተረተረውን ትዳሬን ተሸክሜ ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ ገበያተኛው ሁሉ ታጉሮ ነበር። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጥበቃዎች ስለቆሙ መግባት እንጂ መውጣት የለም። የኔታም ሚስቴን ሊወስዱ መጥተው ሁለቱም መንገድ ላይ ተይዘው ገብተዋል። እሳቸው በዕድሜያቸው ተከብረው መኪናውን ይዞ ከመጣው የአውራጃ ካድሬ ጎን ተቀመጡ። እሷ ከሴቶቹ ጋር መስኮት ሥር ቆመች፤ እዚያ መስኮት ላይ የተሰቀለውም የእኛው ባና ነው። ከመስኮቱ ውጭ በቅሏቸው ከነኮርቻዋ ታስራለች። ፊልሙ ሲያልቅ በሩ ይከፈታል፣ ባናው ይወርዳል፣ ግማሹን ይዛ በቅሎዋ ላይ ትወጣለች። ለትዳሬ የቀረው ዕድሜ በአንድ ፊልም ርዝመት ተለካ ማለት ነው። ፊልም እንዲረዝምልኝ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም የእርሻ ፊልም።

ሞተሩ ተነሳ፣ ሸራው ላይ ብርሃን ወደቀ። ትራክተር ስንጠብቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ነጭ በነጭ የለበሰች ሙሽራ ከደጃፍ ወጣች። ቀጥሎ ሙሽራው። ቀጥሎ ያቺ ጃንጥላ።

ያው አዲስ አበባ ያየሁት ፊልም ነበር። ካድሬው ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ ፊልሙ ሰውዬ ሄደ፤ እኔ ከማሽኑ አጠገብ ስለነበርኩ ሁሉን ሰማሁ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጓድ፣ የእርሻው ቆርቆሮ ውስጥ ነው የነበረው። ከድሮ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል።» ሰውየው የማሽኑን ማጥፊያ ያዘ። «ላጥፋው?»

ካድሬው ሕዝቡን አየ። በዕድሜ ከእኔ አይበልጥም። የኢምፔሪያሊስት ፊልም በገዛ መኪናው ጭኖ መንዝ ድረስ ያመጣው እሱ መሆኑን ሲያሰላ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ካጠፋው ስህተቱን ማመኑ ነው። ካላጠፋው ደግሞ አንድ ሰው ማስረዳት አለበት።

«እንግሊዝኛ የሚችል ማነው?» አለ።

የትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ማይክራፎን እጄ ላይ ተቀመጠ። ካድሬው ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ «ፊልሙ ስለ ላብ አደሩ ቤተሰብ ችግር ነው» አለኝ። «ከመስመር ብትወጣ ግን ከእኔ ጋር ነው የምትሄደው።» አንዷ በበቅሎ ልትሄድብኝ፣ እኔ በላንድሮቨር ልሄድ። ቀየት ያን ዕለት መጓጓዣ አልቸገራትም።

«ጓዶች፣» አልኩ፣ «ይህች ሴት ባርኔጣ ሠሪ ላብ አደር ናት። እሱም የፒያኖ ላብ አደር ነው። ዛሬ ተጋቡ።»

«ዘር ተቆጥሯል?» አሉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከፊት።

«እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሯል፣ አባቴ።»

«ማን ቆጠረው?»

«የሰፈሩ ሽማግሌዎች።»

«እኚያ እንደ እንስራ የረዘመ ባርኔጣ ያደረጉት ናቸው?»

«እሳቸው ናቸው።»

«ፊታቸውም ይናገራል» አሉና ረክተው ተቀመጡ።

ሙሽሮቹ ጃንጥላዋ ሥር ተሳሳሙ። የኔታ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ አንድ ዓይናቸው ግን ሳይሸፈን ቀርቶ ነበር። ውጭ በቅሎዋ ጮኸች።

«ሰላምታ ነው» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«ረጅም ሰላምታ ነው» አለች አንዲት ሴት። ካድሬው ወደ እኔ አፈጠጠ።

ያኔ ነው ሸራው ላይ አንድ ቀጭን የፀሐይ መስመር ያየሁት። ልክ በሙሽራውና በሙሽራዋ መካከል ከላይ እስከ ታች ወርዶ ለሁለት ከፍሏቸዋል።

«ያ ብርሃን ከየት ነው የሚገባው?» አለ ካድሬው።

«ጓድ፣ የዚህ ባና ስፌት ተተርትሯል» አለ አብዮት ጥበቃው።

«የማን ነው?»

«የመምህሩ» አለ አንዱ አሳባቂ ከኋላ።

«ሚስቱ የለችም? ትያዘው።»

ሁለቱን ግማሽ ጎትታ በእጇ ገጠመቻቸው። መስመሩ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሸራውን ብቻ ሳይሆን መስመሩ የነበረበትን ቦታ ጭምር ነበር የማየው፤ ፊቷን በጨለማው ባላየውም የእጇን ነገር ብርሃኑ ይነግረኛል።

የመጀመሪያው ጥቅል አለቀና ሰውየው ሁለተኛውን ሲያስገባ፣ «መጨረሻውን እኮ ነው መጀመሪያ ያሳየኸው» አልኩት በሹክሹክታ። «ወንድሜ፣ የቆርቆሮውን ጽሑፍ ዝናብ አጥቦታል» አለኝ። «ለእኔ ሦስቱም ክብ ናቸው።» ላብራራለት ጊዜ አልነበረም። ሳህን መወርወር ጀምሯል።

የሚገርመው ከእኔ በቀር የደነገጠ አለመኖሩ ነው። «አዬ፣ ጀመሩ» አሉ እህል ይዘው ለገበያ የመጡ አንዲት እማማ፣ ከባለቤቴ ጎን የነበሩት። «ከተጋቡ ስንት ጊዜያቸው ነው?»

«ገና ሙሽሮች ናቸው» አልኩ። «ቤታቸው ሳይሞቅ ነው።» ሳላስበው ስለ ራሴ ቤት መናገሬ ነበር። ብርሃኑ ትንሽ ከፈት አለ።

«ምን አድርጓት ነው ሳህን እስክትወረውር?»

«ሳቀባት።»

«በምኗ?»

«ራሷ በሠራችው ባርኔጣ። ሰው ሁሉ ፊት።»

«ደግ አደረገች» አሉ እማማ። «ድስቱስ የት ሄዶ ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አንዲት ቀልድ ምላሴ ጫፍ ደረሰች፤ ጣልኳት፦ «እሱ እንኳ የሳቀው በባርኔጣዋ ሳይሆን ከሥር ባለው ነው።» ወንዶቹ አውካኩ። ብርሃኑ ጦር ሆኖ ሸራው ላይ ተሰካ።

«ይያዝ ተብሏል» አለ ካድሬው። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ተገጠመ።

ሸራው ላይ ሰውየው በተዘጋ በር ፊት ቆሞ ብዙ ይናገራል። ፈረንጁ ምን እንዳለ ዛሬም አላስታውስም፤ ያን ጊዜም አልሰማሁትም። እንዲህ ብዬ ተረጎምኩ፦

«‹ሰው የሚስቅልኝ ሲመስለኝ የምነካውን አላውቅም› አላት። ‹አገር ሁሉ ስቆ አንቺ ካልሳቅሽ ያ ቀልድ ምን ይረባኛል› አላት። ‹በሩን ባትከፍቺልኝም ስሚኝ› አላት።»

የኔታ ከሸራው ወደ እኔ ዞረው በጨለማ ውስጥ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ካድሬው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ይሄ የትኛው መስመር ነው?»

«ግለ ሂስ ነው፣ ጓድ።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ተነስቶ፣ «ጓዶች፣ ሰውየው አሁን ያደረገው ግለ ሂስ ይባላል» ብሎ ተቀመጠ። አጠገቡ ስለነበርኩ አይቼዋለሁ፤ ሲቀመጥ ወንበሩን ወደ ሸራው አስጠጋ። እሱም በታሪኩ ተይዟል።

ሰውየው ሦስተኛውን ጥቅል ሲያስገባ የኔታ ነጠላቸውን አስተካክለው ጠየቁ። «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው የለም እንዴ? እንዴት ይፋታሉ?»

«ሊካፈሉ ነው፣ የኔታ።»

«ምን ቀርቷቸው? ሳህኑን ጨርሰውታል።»

«አንዲት ጃንጥላ ብቻ ናት የቀረችው።»

እንዳልኩትም ጣቢያው መጣ፤ ዝናቡ መጣ፤ ሁለቱ ጃንጥላዋን ግራና ቀኝ ይዘው ቆሙ። ፈረንጆቹ የሚተዋወቁበት ትዕይንት ነው። ሴትዮዋ «ከዚህ በፊት አይቼዎት አላውቅም» ትላለች፤ አንዲት ቃል ሳልጨምር ተረጎምኩ።

«አየኻት፣ የገዛ ባሏን አላውቅህም ስትል» አሉ እማማ። «ጠብ እንዲህ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ባሌን ወፍጮ ቤት አግኝቼው አላውቅህም ብዬዋለሁ።»

«ጃንጥላ ደግሞ እንዴት ይካፈሏታል?» አሉ ዘር ያስቆጠሩት ሽማግሌ። «ጨርቁን ለእሷ፣ ብረቱን ለእሱ? ዝናብ እየጣለ?»

«ልክ ነው፣ ጃንጥላ ለሁለት አይከፈልም» አለ አንድ ሰው። ማን መሰላችሁ? ካድሬው።

እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስንቱን ነገር አላየሁም ኖሯል። ፈረንጅ ተዋውቆ ይጋባል፤ እኛ ተጋብተን እንተዋወቃለን። ሁለቱም ዘንድ መሃሉ ላይ ሳህን ይሰበራል። ያ ፊልም ከየትኛውም ጫፍ ቢጀመር በእግሩ የሚቆመው ለዚህ ይመስለኛል፤ ስለ መጋባት አይደለም፣ ሁለት ሰው አንድ ነገር ይዞ ማን ይልቀቅ ስለ መባባል ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከአውራጃ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ እርከን፣ ስለ ላም ፊልም በመጣ ቁጥር ቀየት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦ «የጃንጥላዋ የለም?»

ሁለቱ እየተነታረኩ ባቡሩ ላይ ወጡ። ሸራው ነጭ ሆነ። የጥቅሉ ጫፍ ማሽኑ ላይ ጠፍ ጠፍ ይላል። እኔ የማየው ግን ያንን ቦታ ነው። ብርሃን የለም። መለስ ብዬ ሳስብ ከጣቢያው መጀመሪያ አንስቶ አንዲት ክር ብርሃን እንኳ አላየሁም። እሷ ብትሆን እጇ ይዝል ነበር። ሄዳለች፣ አብዮት ጥበቃው ነው የያዘው አልኩ። ወደ የኔታ ወንበር ዞርኩ። ባዶ ነው፤ በሩም ተከፍቷል። ማይክራፎኑን አስቀምጬ በሰው መሃል እየተጋፋሁ ስሄድ ባናዎቹ ከየመስኮቱ መውረድ ጀመሩ፤ ብርሃኑ ዓይኔን ስለወጋኝ ለጊዜው ሁሉም ሰው ጥላ ብቻ ሆነብኝ።

እዚያው ነበረች። ባናውን ተሸክማዋለች፤ አፏ ውስጥ የጠጉር ክር አለ፣ በጥርሷ ልትበጥሰው። እማማ አጠገቧ ቆመው የጆንያ መርፌያቸውን እስክትመልስላቸው ይጠብቃሉ።

የኔታ በመስኮቱ ውጭ በቅሎዋን ፈተው ይዘው ቆመዋል። «ነይ እንጂ፣ ግማሽሽን ይዘሽ» አሉ። «መንገዱ ይመሽብናል።»

ክሩን በጠሰች። «ግማሽ የለም፣ አባዬ። ተሰፍቷል።»

«ማን ሰፋው?»

«ብርሃን ይገባል ሲሉኝ።»

«ፊልሙ አልቋል እኮ፤ የተሰፋ ይተረተራል።»

መርፌውን ለእማማ መለሰች። የኔታ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ኮርቻውን አዩ። ሊናገሩ ሲሉ ሳል ያዛቸው፤ አንድ እጃቸውን ኮርቻው ላይ ጥለው ጎንበስ አሉ፣ ረጅም ሳል ነበር። እሷ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ዜማው አልከፋኝም» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሳሉን ነው ያልወደድኩልዎ። ከሠርጋችን በፊት በነበረው ክረምት ሌሊት ሌሊት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስሰማው የነበርኩ እኔ ነኝ።»

አንዲት ቀልድ ምላሴ ጫፍ ደረሰች፤ ዋጥኳት። እኔን የሚያውቅ ሰው ይህን አያምንም፤ ግን ዋጥኳት።

ስንወጣ ካፊያ ጀምሮ ነበር፤ በእኛ አገር ካፊያ ማለት ሌላው አገር ጎርፍ የሚለው ነው። የኔታን በበቅሏቸው ላይ አወጣናቸውና ባናውን ሙሉውን፣ ከነአዲሱ ስፌቱ፣ ከራሳቸው እስከ ጉልበታቸው አለበስናቸው። የበቅሎዋን አፍ ወደ ቤታችን ያዞረችው እሷ ናት። እኛ ግራና ቀኝ ሆነን በእግራችን ሄድን፤ ሁለታችንም እስከ አጥንታችን ረጠብን።

መንገድ ላይ ከባናው ውስጥ የየኔታ ድምፅ ወጣ። «ለመሆኑ ያቺ ጃንጥላ ለማን ሆነች?»

እኔ አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ገና ናቸው፣ አባዬ» አለች። «እየተነታረኩባት ነው።»